ዋጋው ተከፍሎ የሚጣለው ዕቃ

በንግድ ዓለም ጥቅሙ ያላለቀ ዕቃ አይጣልም። እንጨት ሰንጣቂው ሰጋቱራውን ይሸጣል፤ ዘይት ጨማቂው ፋጉሎውን ለከብት አድላቢ ያስረክባል፤ ቢራ ጠማቂውም ቢሆን ለአተላው ገዢ አያጣም። ቆራሌው በየበሩ እየዞረ የሚጣራው ሌላው ሰው የተወው ዕቃ ገና ዋጋ እንዳለው ስለሚያውቅ ነው።

ከዚህ ደንብ ውጭ የሆነ አንድ ውድ ዕቃ ግን አለ። እሱም የሕክምና ላቦራቶሪ ውጤት ነው።

እስቲ ወጪውን እንቁጠር። መርፌው፣ የናሙና ቱቦው፣ ሪኤጀንቱና መመርመሪያ መሣሪያው በአብዛኛው ከውጭ በዶላር የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የአንድ ካርቶን ሪኤጀንት ዋጋ በብር ሲመነዘር ምን ያህል እንደናረ አስመጪውም፣ ሆስፒታሉም፣ ታካሚውም ያውቀዋል። በዚህ ላይ የባለሙያው ደመወዝ፣ የመብራቱና የቤት ኪራዩ ወጪ ይታከላል።

ይህ ሁሉ ወጪ ወጥቶበት የተገኘው ውጤት የሚያገለግለው ስንት ጊዜ ነው? አንድ ጊዜ ብቻ! ሐኪሙ ያየዋል፤ መድኃኒት ያዛል፤ ወረቀቱ ካርድ ውስጥ ይገባል። በላቦራቶሪው በኩል የቀረው ቅጂ በእጅ በተጻፈ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ መዝገቡ ሲሞላ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም አቧራና አይጥ ይወርሱታል። ኮምፒዩተር ባለበት ቦታም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የመሣሪያው ማኅደር ሲሞላ አዲሱ ውጤት አሮጌውን ይደመስሰዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት አጭር ነው። ለሕክምና ተብሎ የተሠራ የላቦራቶሪ ውጤት ስሙ ተነቅሎ፣ በሕግና በቁጥጥር ሥር ለምርምር ዳግመኛ ቢውል አገር የምታተርፍበት ሀብት ነው። ይህን ሳያደርጉ መቅረት ደግሞ በዶላር የተገዛ ዕቃ መጋዘን ውስጥ እንዲበሰብስ ከመፍቀድ አይለይም።

አምስት ሚሊዮን ለማትረፍ

ጉዳዩ የሳይንቲስቶች ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በምትገኘው ፍሊንት ከተማ የደረሰውን ልብ ይበል። ፍሊንት የጀነራል ሞተርስ የትውልድ ከተማ ናት። ፋብሪካዎቹ እየተዘጉ ከተማዪቱ ስትደኸይ አስተዳደሯ በግዛቱ ሹመኛ እጅ ገባ። ሹመኞቹም ወጪ ለመቀነስ ሲሉ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ከዲትሮይት ይገዛ የነበረውን የመጠጥ ውሃ ትተው የፍሊንትን ወንዝ መጥለፍ ጀመሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይተርፋል የሚል ስሌት ነበራቸው። ቧንቧ እንዳይበላ የሚያደርገው ኬሚካል ግን በውሃው ውስጥ አልተጨመረም።

ነዋሪው ውሃው ይሸታል፣ ቀለሙም ተለውጧል እያለ ቢጮህ ሰሚ አላገኘም። ጀነራል ሞተርስ ራሱ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ውሃው የሞተር ክፍሎችን እየበላብኝ ነው ብሎ ፋብሪካውን ከወንዙ ውሃ አላቀቀ። ለብረት ያልሆነ ውሃ ለሕፃናት ጉሮሮ ግን መውረዱን ቀጠለ።

የዚህን ጉድ ማስረጃ ያወጣው ትልቅ በጀት የተመደበለት ጥናት አልነበረም። በከተማዪቱ ኸርሊ የሕክምና ማዕከል የሕፃናት ሐኪም የሆኑት ዶክተር ሞና ሃና አቲሻ ለሌላ ጉዳይ ተሠርተው የተቀመጡ ውጤቶችን አወጡ። በአሜሪካ የመንግሥት የሕክምና መድን ያላቸው ሕፃናት አንድና ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ደማቸው ውስጥ እርሳስ መኖር አለመኖሩ በመደበኛነት ይመረመራል። ውጤቱ ከነዕድሜው፣ ከነቀኑና ከነአድራሻው ኮምፒዩተር ውስጥ ነበረ። ሐኪሟ ያደረጉት ውሃው ከመለወጡ በፊት የነበረውን የ2013ን ውጤት ከ2015ቱ ጋር ማነጻጸር ነው።

የተገኘው ነገር አስደንጋጭ ነበር። በዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ እርሳስ የተገኘባቸው የፍሊንት ሕፃናት ከመቶ 2.4 የነበሩት 4.9 ሆኑ። ውሃው ክፉኛ በተበከለባቸው ሠፈሮች ደግሞ ከ4.0 ወደ 10.6 ከመቶ ዘለሉ። ከከተማው ውጭ በሚኖሩና ያንን ውሃ በማይጠጡ ሕፃናት ላይ ግን ይህን የመሰለ ለውጥ አልታየም። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ እንደሚጎዳና ምንም ያህል ቢያንስ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደሌለው የታወቀ ነው።

ሐኪሟ ይህን እ.ኤ.አ. መስከረም 24 ቀን 2015 ለጋዜጠኞች ሲገልጹ የግዛቱ ባለሥልጣኖች በመጀመሪያ አጣጣሉት። ቀን ሳይቆጠር ግን የራሳቸው መዝገብም ያንኑ እንደሚል አመኑ። በቀጣዩ ወር ከተማዪቱ ወደ ዲትሮይት ውሃ ተመለሰች። በ2021 ፍርድ ቤት ያጸደቀው የካሣ ስምምነት 626 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። አምስት ሚሊዮን ለማትረፍ ስድስት መቶ ሃያ ስድስት ሚሊዮን! ሒሳብ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለዚያ ማስረጃ አዲስ ደም አልተቀዳም፤ አዲስ ሪኤጀንትም አልተገዛም። የምርመራው ዋጋ ቀድሞ ተከፍሎ ነበር። የተጨመረው የአንዲት ሐኪም ጥያቄና የጥቂት ሰዎች ድካም ብቻ ነው። ውጤቶቹ በእጅ መዝገብ ላይ ተጽፈው በየክፍሉ ተበታትነው ቢሆን ኖሮ ግን ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ዓመት ባለፈ ነበር።

“ኖርማሉ” የማን ነው?

ወደ ራሳችን እንመለስ። ደሙን ያስመረመረ ሁሉ በውጤት ወረቀቱ ዳር “ኖርማል” የሚል ርዕስ ያለበት ረድፍ ያያል። ቁጥሩ ከዚያ ካነሰ ወይም ከበለጠ ሐኪሙ ይጠረጥራል፤ ሌላ ምርመራ ያዛል፤ መድኃኒት ይጽፋል። ታዲያ ይህን ልክ ያወጣው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ የሪኤጀንቱ አምራች በካርቶኑ ውስጥ ያስቀመጠው ወረቀት ነው። የተለካውም በሌላ አገር፣ በሌላ ሕዝብ ላይ ነው።

ይህ እንደ ተራ ነገር መታየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ባደረገው ጥናት የጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ሕዋስ ቁጥር ከጤነኛ ሆላንዳውያን ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት መቼ ይጀመር የሚለው በዚህ ቁጥር ይወሰን በነበረበት ዘመን የልዩነቱን ክብደት መገመት አያዳግትም።

የሄሞግሎቢንም ነገር እንዲሁ ነው። ከፍ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል ተብሎ በመጽሐፍ የተጻፈው በአመዛኙ ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች በተገኘ ልምድ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች አምባራስ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮችን ቢመረምሩ አማካይ ሄሞግሎቢናቸው በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ከባሕር ወለል ነዋሪዎች ብዙም አይለይም። እንግዲህ የአንዲስ ተራራን ሚዛን ለሰሜን ተራራ ማዋል እንደማይገባ መረጃው ራሱ ተናግሯል።

የራስን ልክ ለማውጣት የተለመደው መንገድ ጤነኛ መሆናቸው የተረጋገጠ ሰዎችን መልምሎ መመርመር ነው። ለአንድ ምርመራ በየጾታውና በየዕድሜ ክፍሉ ቢያንስ 120 ሰው ያስፈልጋል። በደርዘን የሚቆጠሩ ምርመራዎችን፣ ሕፃኑንና አዛውንቱን፣ ደጋውንና ቆላውን ስናስብ ወጪው የትየለሌ ይሆናል። ለዚህም ነው ዓለም አቀፉ የክሊኒካል ኬሚስትሪ ፌዴሬሽን ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ሌላውን መንገድ በበጎ ዓይን ያየው። ይኸውም በየቀኑ ከሚሠሩት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ውጤቶች ውስጥ የሕመምተኞቹን በስታቲስቲክስ ዘዴ ለይቶ የጤነኞቹን ልክ ማውጣት ነው። ዕቃው በእጃችን አለ፤ የጎደለው ማንጠርጠሩ ነው።

መድኃኒት አስመጪውም ያተርፋል

ሁለተኛው ጥቅም ለመድኃኒት ገበያው ይበልጥ የቀረበ ነው። በባክቴሪያ የታመመ ሰው ናሙናው ተዘርቶ የትኛው አንቲባዮቲክ ያንን ተህዋስ እንደሚገድል ይፈተሻል። ይህ ውጤት ዛሬ የሚጠቅመው ያንን ሰው ብቻ ነው። የአንድ ዓመቱ ተሰብስቦ ሲቆጠር ግን በዚያ ሆስፒታል የትኛው መድኃኒት መሥራቱን እንዳቆመ ያሳያል። በሙያው በተለመደው ደንብ መሠረት ለአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ቢያንስ 30 ውጤት ካለና ከአንድ ሕመምተኛ የመጀመሪያው ብቻ ከተቆጠረ ሠንጠረዡን ማውጣት ይቻላል። ለዚህ የሚሆነው ሁኔት የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ነው።

ይህ ሠንጠረዥ በሌለበት አገር ሐኪሙ በግምት ያዛል፤ አስመጪው አምና የተሸጠውን ዘንድሮም ይጭናል፤ ባንክ ለማይሠራ መድኃኒት የውጭ ምንዛሪ ይፈቅዳል። ታካሚው ሦስት ዓይነት መድኃኒት ገዝቶ ሳይሻለው ይመለሳል። “ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ” ያልተባለ የአዲስ አበባ ነዋሪ ስንት ነው? ትኩሳት ካለበት መቶ ሰው ውስጥ ክረምት ከበጋ፣ ዓመት ከዓመት ይኸው ምርመራ ስንቱን “ፖዘቲቭ” እንደሚል የራሱን መዝገብ የቆጠረ ላቦራቶሪ ምርመራው ዋጋውን የሚያወጣ መሆን አለመሆኑን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ያገኛል።

በአፍሪካ ይህ አይሞከርም የሚል ካለ ደቡብ አፍሪካን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ብሔራዊ የጤና ላቦራቶሪ አገልግሎት 80 ከመቶ ያህሉን ሕዝብ ያገለግላል። ውጤቶቹም በአንድ ማዕከላዊ ቋት ይከማቻሉ። ለሁሉም ሕመምተኛ አንድ ወጥ መለያ ቁጥር ባልነበረበት ጊዜ እንኳ ስምንና የትውልድ ቀንን በኮምፒዩተር እያመሳከሩ የአንዱን ሰው ውጤቶች አገናኝተዋል። በዚህም በኤችአይቪ የተያዙ ሰዎች ሕክምና ጀምረው የት እንደደረሱ በአገር ደረጃ ለመከታተል ችለዋል።

ተቃዋሚዎች የሚሉት

የመጀመሪያው ተቃውሞ የባለሙያዎች ነው። ወደ ላቦራቶሪ የሚመጣው የታመመ ሰው ነው፤ ወደ ግል ላቦራቶሪ የሚመጣው ደግሞ የታመመና ገንዘብ ያለው ነው፤ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ስለ ሕዝብ መናገር አይቻልም ይላሉ። እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ከአንድ ትልቅ የላቦራቶሪ ኩባንያ በተገኘ ከ190 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ውጤት ላይ የተሠራ ጥናት ቫይታሚን ዲ ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ኮሮና ይበልጥ እንደተገኘባቸው አሳየ። በዓለም ላይ ስንቱ እንክብሉን ለመግዛት ተጋፋ! እ.ኤ.አ. በ2022 በእንግሊዝ 6,200 ሰዎች በዕጣ ተመድበው የተካተቱበት ሙከራ ሲታተም ግን ቫይታሚኑን መስጠት ኮሮናን አልቀነሰም። ስለዚህ የተከማቸ ውጤት ጥያቄ ለማንሳትና አደጋ ለመጠቆም ይበጃል፤ መድኃኒት ያድናል ብሎ ለመመስከር ግን ብቻውን አይበቃም። ይህ ግን አሠራሩን ማወቅ የሚጠይቅ ጉዳይ እንጂ ሀብቱን ለመጣል ምክንያት አይሆንም።

ሁለተኛው የምስጢር ጉዳይ ነው። ይህኛው ቀላል አይደለም። በለንደን ሮያል ፍሪ የተባለው ሆስፒታል የኩላሊት አደጋን ቀድሞ የሚያስታውቅ ፕሮግራም እንዲሞከርለት የ1.6 ሚሊዮን ሕመምተኞችን መረጃ ለጉግል እህት ኩባንያ ለዲፕማይንድ ሰጠ። ዓላማው በጎ ነበር። ሕመምተኞቹ ግን በአግባቡ አልተነገራቸውም፤ ስለሆነም የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ሆስፒታሉ ሕግ ጥሷል ሲሉ ወሰኑ። በአሜሪካም ለላቦራቶሪዎች ዕዳ ይሰበስብ የነበረ አንድ ድርጅት ኮምፒዩተሩ ተሰብሮ በ2019 ጉዳዩ ሲታወቅ ከአንዱ የላቦራቶሪ ኩባንያ ብቻ 12 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች መረጃ ለአደጋ ተጋልጦ ተገኘ። ዕዳ ሰብሳቢውም ወዲያው የኪሣራ መዝገብ ከፈተ።

በእኛ አገር የኤችአይቪ ውጤት ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሠፈር ቢደርስ ትዳር ያፈርሳል፤ ሥራ ያሳጣል። ስም መሰረዝ ብቻውንም አይበቃም። በአንድ ትንሽ ቀበሌ “የ62 ዓመት ሴት፣ ይህ በሽታ ያለባት” ከተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መካከል መመደቡ ተገቢ ነው። አዋጁን እንደ ማነቆ የሚያዩ አሉ። እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው፤ ሕዝብ እምነት የሚያሳድረው አጥር ሲኖር ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ በአደባባይ አይነገርም እንጂ በየላቦራቶሪው ባለቤት ልብ ውስጥ ያለ ነው። “የምሠራው ምርመራ ብዛት ከታወቀ ተፎካካሪዬ ገበያዬን ያውቃል፤ ግብር ሰብሳቢውም ይመጣል” የሚል ነው። ሌላው ደግሞ “ውጤቱ የእኔ ንብረት ስለሆነ ለውጭ ኩባንያ ብሸጠውስ?” ይላል።

ለዚህ መልሱ ግልጽ መሆን አለበት። መሣሪያው የባለቤቱ ነው፤ ሪኤጀንቱም የባለቤቱ ነው። ደሙ ግን የታካሚው ነው፤ ዋጋውንም የከፈለው ታካሚው ወይም መንግሥት ነው። ላቦራቶሪው በውጤቱ ላይ ያለው ሥልጣን የባለአደራ እንጂ የባለንብረት አይደለም። አደራ ደግሞ አይሸጥም። ባለአደራው ውጤቱን አጽድቶ፣ ኮድ ሰጥቶ ሲያስረክብ የደከመበትን ወጪ ማስከፈል ግን ይገባዋል። የገበያ ምስጢሩም ቢሆን የላቦራቶሪዎቹ ስም በኮድ ከተተካና ለምርምር የተሰጠ ቁጥር ለግብርም ሆነ ለውድድር እንዳይውል በሕግ ከታሰረ ሊጠበቅ ይችላል።

ምን ይደረግ?

የሚያስፈልገው ትልቅ ሕንፃ ወይም አዲስ መሥሪያ ቤት አይደለም። አንደኛ፣ ማንኛውም ሆስፒታል ወይም ላቦራቶሪ መሣሪያ ሲገዛም ሆነ ሪኤጀንት ለመግዛት ውል ገብቶ መሣሪያ ሲተከልለት ውጤቱን በተለመደ ፎርማት አውጥቶ መውሰድ እንዲችል በውሉ ላይ ይጻፍ። ይህ አንቀጽ ከሌለ የራሱን ውጤት ለማውጣት አቅራቢውን ሲለምን ይኖራል። ዛሬ በአንድ አንቀጽ የሚያልቀው ጉዳይ ነገ በዶላር ይጠየቅበታል።

ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀን፣ ወረዳ፣ የመሣሪያው ዓይነትና መለኪያው ይመዝገብ። አንዱ ስኳርን በሚሊግራም፣ ሌላው በሚሊሞል እየጻፈ ቢደባለቅ የተሰበሰበው መረጃ ሳይሆን ቆሻሻ ነው። የፋይዳ ቁጥር የአንዱን ሰው ውጤቶች ለማገናኘት ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ራሱ ተመራማሪው እጅ መግባት የለበትም። አገናኙና ተመራማሪው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ።

ሦስተኛ፣ የመንግሥትም የግልም ላቦራቶሪዎች የሚያዋጡበት አንድ ቋት በሕዝብ ተቋም ሥር ይቋቋም። መረጃ የሚጠይቅ ሁሉ፣ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲም ይሁን የውጭ ኩባንያ፣ ጥያቄውን ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ያቅርብ። ማን ምን እንደጠየቀና እንደተፈቀደለትም ለሕዝብ ይገለጽ። ትርፍ ፈላጊው ከፍ ያለ ዋጋ ይክፈል፤ የአገር ተማሪ በነፃ ይሥራ። ታካሚውም በግድግዳ ላይ በሚለጠፍና በሚገባው ቋንቋ በተጻፈ ማስታወቂያ ይነገረው፤ አልፈልግም የማለት መብቱም ይጠበቅለት።

አራተኛ፣ የመጀመሪያው ሥራ ትንሽና የሚታይ ይሁን። ደጋና ቆላ ያሉ ጥቂት ላቦራቶሪዎች ተባብረው የሄሞግሎቢንንና የነጭ ደም ሕዋስን የራሳችንን ልክ ያውጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው አንዱ ላቦራቶሪ ብቻውን የማይችለውን አሥሩ በአንድ ዓመት ውጤት ሊሞክሩት ይችላሉ።

ይህ ካልሆነ የሚጠብቀን የታወቀ ነው። ደሙን የሰጠው፣ ዋጋውንም የከፈለው ሕዝብ በሌላ ሕዝብ ልክ እየተመዘነ ይቀጥላል። አንድ ቀን ደግሞ የውጭ ኩባንያ መጥቶ መዝገባችንን በርካሽ ይሰበስብና ያወጣውን ዕውቀት በውድ ይሸጥልናል። በፍሊንት ሕፃናቱን ለማዳን የተቻለው ቁጥሩ ተጠብቆ ስለነበረና የሚጠይቀው ሰው ስላልጠፋ ነው። እኛም ጠያቂ አናጣም። እስከዚያው ግን መዝገቡን ከአይጥ እናድነው።